የመኪና ጎማ በሞተር ሳይክል የኋላ ቸርኬ ላይ፦ ከመወሰን እስከ መጀመሪያው ጉዞ

አሜሪካ ውስጥ ረጅም መንገድ የሚነዱ ሞተረኞች በተሰበሰቡበት አንድ ክርክር አይጠፋም። በተለይ ጎልድ ዊንግ የሚባለው የሆንዳ ከባድ ሞተር ባለቤቶች መሃል። አንዳንዶቹ የኋላውን የሞተር ጎማ አውጥተው የመኪና ጎማ ይገጥማሉ። «ዳርክሳይደር» ነው የሚባሉት። ለዓመታት ነድተንበታል፣ ምንም አልሆንንም ይላሉ። ሌላው ወገን ደግሞ ወሬውን መስማት አይፈልግም።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በሁለት ጎማ ለሚሄድ ሞተር አልመክርም። ሳይድካር (በጎን የሚታሰር ባለ አንድ ጎማ ጋሪ) ለተቀጠለበት ሞተር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ የመኪና ጎማ ቦታው ነው። ቢሆንም «አልመክርም» ብሎ ዝም ማለት ማንንም አይጠቅምም። መግጠም የፈለገ ይገጥማል። ስለዚህ ምን ማየት እንዳለበት፣ የት ላይ ቆም ብሎ «ይቅርብኝ» ማለት እንዳለበት በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ዲሲም ሁኑ ዴንቨር፣ ትልቅ ሞተር የምትነዱ ወገኖች ይጠቅማችኋል ብዬ አስባለሁ። አዲስ አበባ ላላችሁም አጭር መልስ አለኝ።

ክርክሩ ሁልጊዜ ጥርሱ ላይ ነው የሚቆመው። ጠፍጣፋ ነው፣ ክብ ነው፣ ኩርባ ላይ ይይዛል፣ አይይዝም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ዓይን የማያየው ቦታ ነው። ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት፣ በውስጡ የብረት ሽቦ ያለበት ጠርዝ። ጥርሱ ላይ የተሳሳተ ሰው ሞተሩ ሲከብደው ያውቀዋል። ጠርዙ ላይ የተሳሳተ ግን ቀድሞ የሚነግረው ነገር ላይኖር ይችላል።

ለምንድን ነው የሚገጥሙት?

ዋናው ምክንያት ኪስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2017 የተመረተው ጎልድ ዊንግ ጂኤል1800 ብቻውን ወደ 400 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ሁለት ሰውና ሻንጣ ሲጨመርበት ወደ 600 ይጠጋል። ይህን ሁሉ ጭነት የሚገፋው የኋላው ጎማ ነው። የሞተር ጎማ ላስቲኩ ለስለስ ያለ ነው፤ ጥርሱም ጥልቅ አይደለም። አውራ ጎዳና ላይ ቀጥ ብሎ ለሚነዳ ሰው መሃሉ ቶሎ ያልቃል፣ ትከሻው ግን ገና አዲስ ነው። የመኪና ጎማ ላስቲኩ ጠንካራ፣ ጥርሱ ጥልቅ ነው። ዋጋውም ብዙ ጊዜ ያንሳል። በዓመት ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ራን ፍላት የሚባለው ጎማ ነው። ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ንፋሱ ቢያልቅም ቶሎ አይተኛም። መኪና ላይ ብዙዎቹ ንፋስ ሳይኖራቸው በሰዓት እስከ 80 ኪሎ ሜትር፣ ለ80 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሄዱ ነው የተሠሩት። ልብ በሉ፣ ይህ ዋስትና ለመኪና የተሰጠ ነው። ሞተር ላይ ይሠራል ብሎ የፈረመ አምራች አላውቅም።

መጀመሪያ የራሳችሁን ሞተር ለዩ

ሳይድካር ያለው ሞተር ኩርባ ላይ አያጋድልም። እንደ መኪና ቀጥ ብሎ ነው የሚዞረው። ክብ የሆነ የሞተር ጎማ እዚህ መሃሉ ብቻ መሬት ይነካና ቶሎ ጠፍጣፋ ይሆናል። የመኪና ጎማ ግን በሙሉ ስፋቱ ይቀመጣል። ትራይክ (ባለ ሦስት ጎማ ሞተር) የሚሠሩ ድርጅቶችም ከኋላ የሚገጥሙት የመኪና ቸርኬና የመኪና ጎማ ነው። ሳይድካር ካላችሁ ትክክለኛው መንገድ ጎማውን ብቻ መቀየር ሳይሆን፣ የሳይድካር ባለሙያ የመኪና ቸርኬ እንዲገጥምላችሁ ማድረግ ነው። ያኔ የጠርዙም ጣጣ አብሮ ይቀራል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ኡራል እንደሚባለው ሞተር አንዳንድ ሞዴሎች የሳይድካሩንም ጎማ ሞተሩ የሚያዞረው ከሆነ፣ የሁለቱ ጎማዎች ቁመት እኩል መሆን አለበት።

ከባድ የረጅም ጉዞ ሞተር በሁለት ጎማ የሚሄድ ከሆነ፣ ቀሪው ጽሑፍ በዋናነት የተጻፈው ለእናንተ ነው።

ስፖርት ሞተር ያላችሁ ግን እዚህ ላይ ተዉት። እስከ ጥግ እያጋደሉ የሚነዱት ሞተር ላይ በትከሻው ብቻ የሚቆም ጎማ መግጠም የሚያከራክር አይደለም። ቸርኬው በሽቦ የተወጠረና ካላማዳሪያ የሚፈልግ ከሆነም ተዉት። የመኪና ጎማ ውስጥ ካላማዳሪያ ሲገባ እርስ በርስ ይፋተጋል፣ ይሞቃል።

አዲስ አበባ ላላችሁ፦ ቦክሰርና መሰሎቹ ከኋላ የሚጠቀሙት እንደ 3.00-17 ያለ ቀጭን ጎማ ነው። ስፋቱ 76 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ስፋት ለገበያ የሚቀርብ የመኪና ጎማ የለም። «አሰፍቼ እገጥምልሃለሁ» የሚል ጎሚስታ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሂዱ። እናንተን የሚጠቅማችሁ ትክክለኛ መጠን ያለው አዲስ ጎማ ገዝቶ ንፋሱን በየሳምንቱ ማየት ነው።

ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ስልክ ደውሉ

የመጀመሪያው ለኢንሹራንሳችሁ ነው። አምራቹ ያልፈቀደው ጎማ ላይ አደጋ ቢደርስ ምን እንደሚሉ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል «ችግር የለውም» የምትል ልጅ አደጋ በደረሰ ጊዜ አትገኝም።

ሁለተኛው ለጎማ ቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጎማ ቤቶች ይህን ሥራ አንነካም ይላሉ። የጎማም የሞተርም አምራቾች አትቀላቅሉ ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ ጎማ ቤቱ ተጠያቂነቱን አይፈልግም። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ከዚህም በላይ ነው ጣጣው። በተሽከርካሪው ሰነድ ያልተፈቀደ ጎማ ገጥሞ መንዳት የመንገድ ፈቃዱን ሊያሳጣችሁ ይችላል። የሚገጥም ካላገኛችሁና በእጃችሁ ልትሠሩት ካሰባችሁ፣ ከታች ያለውን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ልኬት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁሉን ይናገራል። ጎልድ ዊንጉን እንውሰድ። የ2001–2017ቱ የኋላ ጎማ 180/60R16 ነው። 180 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 60 ማለት የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 60 ከመቶ ነው፤ ማለትም 108 ሚሊ ሜትር። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፤ 406.4 ሚሊ ሜትር። ጎኑን ሁለት ጊዜ ደምሩበት፣ ጠቅላላ ቁመቱ 622.4 ይመጣል።

አሁን 195/55R16 የሚል የመኪና ጎማ በዚያው መንገድ አስሉ። 620.9 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ። 205/55R16 ከሆነ 631.9 ይሆናል፤ አንድ ከመቶ ተኩል ይረዝማል። 205/60R16 ደግሞ 652.4 ነው፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የፍጥነት መቁጠሪያው ይሳሳታል፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም የፊትና የኋላ ጎማ ፍጥነት ሲያነጻጽር ግራ ሊጋባ ይችላል። ቁመቱ ከዋናው በአንድ ከመቶ አካባቢ ካልቀረበ እኔ አልነካውም።

ቁመቱ ተስማማ ማለት ጎማው ይገባል ማለት አይደለም። ክብ ጎማ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው። የመኪና ጎማ ትከሻ ግን ማዕዘን አለው። መሃሉ በሰፊው ያልፍና ማዕዘኑ ፓራፋንጎውን ወይም ጎማውን የያዘውን ክንድ ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ቦታ ለኩ። አንደኛ፣ በግራም በቀኝም ከትከሻው እስከ ቅርቡ ብረት፣ እስከ ፍሬን ቱቦና እስከ ሽቦ ያለውን ክፍተት። ሁለተኛ፣ ሁለት ሰውና ሻንጣ ተጭኖ ሞተሩ ሲወርድ ከላይ የሚቀረውን። ጎማ ሲፈጥንና ሲሞቅ ያብጣል። ጣታችሁ የማያልፍበት ክፍተት ካለ ያ ጎማ ለእናንተ አይሆንም። ፕላስቲክ በሞረድ መብላት ውስጥ የሚገቡ ሰዎች አሉ፤ ያን ደረጃ ላይ ከደረሳችሁ ሞተሩ ራሱ «አልፈልግም» እያላችሁ ነው።

ጭነት የሚያሳየው ቁጥር ያታልላል

የሞተሩ ጎማ ላይ 74H የሚል ብታዩ፣ 74 ማለት 375 ኪሎ ግራም መሸከም ይችላል ማለት ነው። የመኪናው 205/55R16 ላይ 91V ይላል። 91 ማለት 615 ኪሎ ግራም ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «እንዲያውም ይበልጥ ጠንካራ ነው» ይላል።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን የተለካው በመኪና ቸርኬ ላይ፣ ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ጎማ ነው። መኪና ጎማውን በጥቂት ዲግሪ ነው የሚያዘነብለው። ሞተር ተራ ኩርባ ላይ እንኳ 30 ዲግሪ ሊያጋድል ይችላል። ያኔ ጭነቱ በሙሉ በአንድ ትከሻና በአንድ ጎን ላይ ያርፋል። 615 የሚለው ቁጥር ስለዚያ ቅጽበት ምንም አይነግራችሁም።

ሌላም አለ። 195/55R16 ጎማ እንዲቀመጥበት የተፈቀደው የቸርኬ ስፋት ከ5.5 እስከ 7 ኢንች ነው። የጎልድ ዊንጉ የኋላ ቸርኬ 5 ኢንች ነው። ገና ከመጀመሪያው ከተፈቀደው ውጭ ናችሁ ማለት ነው። ጠርዞቹ ተቀራርበው ይቀመጣሉ፣ ጎኑ ወደ ውጭ ያብጣል፣ መሃሉም ትንሽ ይጎብጣል። የመኪና ጎማ ሞተር ላይ ሲገጠም ከካታሎጉ ትንሽ ክብ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ጠርዙ

የመኪናና የሞተር ቸርኬ ሁለቱም 16 ኢንች ቢባሉም ጎማው የሚያርፍበት ቦታ አንድ አይደለም። የመቀመጫው ቅርጽ፣ የከንፈሩ ከፍታ፣ ጎማው ወደ ውስጥ እንዳይንሸራተት የምታግደው ትንሽ ጉብታ ይለያያሉ። የመኪና ጎማ ጠርዝ ለመኪና ቸርኬ ነው የተቀረጸው። ሞተር ቸርኬ ላይ ሲገባ ሙሉ በሙሉ ላይቀመጥ ይችላል። ወይም ገብቶ ከሚገባው በላይ ይጨናነቃል፣ በውስጡ ያለው ሽቦም ይወጠራል።

ከጎማ ሥራ ውስጥ ሰው የሚገድለው ይሄ ነው። ጠርዙ እምቢ ሲል ሰው ንፋስ ይጨምራል። 50፣ 60፣ 70 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)። ሽቦው በድንገት ከተበጠሰ ጎማና ቸርኬ እንደ ፈንጂ ይለያያሉ። ለመኪና ጎማ ጠርዝ ማስቀመጫ የሚሰጠው የተለመደ ጣሪያ 40 ፒኤስአይ ነው። «እኔ 80 ሞልቼ ነው የገባልኝ» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ምክሩን አትቀበሉ።

መግጠም

የሚያስፈልጋችሁ፦ ሞተሩን አጥብቆ የሚይዝ ማንሻ ወይም ክሪክ፣ ጠርዝ ማላቀቂያ፣ ረጃጅም የጎማ ብረቶች፣ የቸርኬ መከላከያ፣ የጎማ ቅባት፣ ረጅም ቱቦ ያለውና ቫልቩን በራሱ የሚነክስ የንፋስ መሙያ፣ አስተማማኝ የንፋስ መለኪያ፣ ቶርክ ቁልፍ። የጎማ ማሽን የሚያገኝ ሰው ማሽኑን ይጠቀም። ራን ፍላት ጎማ በእጅ ብረት መግጠም ጠርዙን የመቅደድ ዕድሉ ብዙ ነው።

ጎማውን ስትገዙ ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች እዩ። 2324 ቢል እ.ኤ.አ. በ2024 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ያረጀ ጎማ ጠርዙ ደርቆ ስለሚሆን እንኳን እዚህ፣ መኪና ላይም አይሆንም።

ሞተሩን አንሡ። የጂኤል1800 የኋላ ጎማ በአንድ ጎን ብቻ ነው የተያዘው፤ እንደ መኪና በ5 ዳዶ ይታሰራል። ዳዶዎቹን ጎማው ገና መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጉ። ሌሎች ሞተሮች ፔርኖ አላቸው፤ ካቴና ያለው ከሆነ ከማውለቃችሁ በፊት የካቴናውን መወጠሪያ ቦታ ምልክት አድርጉበት።

የድሮውን ጎማ አውጥታችሁ ቸርኬውን አጽዱ። መቀመጫውን በጣታችሁ ዳሱት። ዝገት፣ የደረቀ ላስቲክ፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ ንፋስ የሚያፈስሰው በዚያ ነው። ቫልቩን ቀይሩ። ርካሽ ነገር ነው፣ አትቆጥቡበት። የጎማ ንፋስ የሚለካ ሴንሰር ካለ የት እንደተቀመጠ አስተውሉ፤ የጎማ ብረት ይሰብረዋል።

ሁለቱንም የጎማ ጠርዝና የቸርኬውን መቀመጫ በደንብ ቀቡ። የጎማ ቅባት ተጠቀሙ። ዘይትና ግሪስ አይሆንም፤ ላስቲኩን ይበላል፣ ጎማውም ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል። ጠርዙን ከአንድ ወገን ስታስገቡ፣ ተቃራኒው ወገን ቸርኬው መሃል ያለው ጉድጓድ ውስጥ መውረዱን አረጋግጡ። ብዙ ሰው ጉልበት የሚያባክነው ይህን ረስቶ ነው።

አሁን ንፋስ። የቫልቩን ውስጠኛ አውጡ፣ አየሩ ቶሎ እንዲገባ። መሙያውን አስነክሱና ራቁ። ፊታችሁን፣ እጃችሁን ከጎማው ላይ አርቁ። ጎማ ቤት ውስጥ የብረት ሳጥን ካለ እሱ ውስጥ ይሁን። አንዱ ጠርዝ «ቷ» ይላል፣ ቀጥሎ ሌላው። 40 ላይ ደርሶ ካልተቀመጠ አቁሙ። ንፋሱን በሙሉ አውጡ፣ ጠርዙን እንደገና ቀቡ፣ ጎማውን ቸርኬው ላይ ትንሽ አዙሩት፣ ድገሙ። ሁለተኛም እምቢ ካለ ያን ጎማ አውጡት። የሚቀጣጠል ጋዝ ረጭቶ በእሳት ጠርዝ ማስቀመጥ የሚባለውን ነገር አትሞክሩት።

«ቷ» ማለቱ ብቻ አይበቃም። ጎማው ጎን ላይ፣ ከቸርኬው ከንፈር በላይ፣ ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች። መብራት ይዛችሁ ጎንበስ በሉ። ያቺ መስመር ከቸርኬው ያላት ርቀት ዙሪያውን አንድ ዓይነት መሆን አለበት። በአንድ በኩል 4 ሚሊ ሜትር፣ በሌላ በኩል 2 ከሆነች ጠርዙ እዚያ ጋ አልገባም። ሁለቱንም ጎን እዩ። እኔ በዓይን ብቻ አላምንም፤ በካሊፐር በስምንት ቦታ እለካለሁ። ጎማው ያልተቀመጠ ከሆነ ይህን ያህል ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው የሚያጋልጠው።

ሲያበቃ የቫልቩን ውስጠኛ መልሳችሁ ንፋስ ሙሉና የሳሙና ውሃ ዙሪያውን እርጩ። አረፋ ካያችሁ ያፈስሳል። ከዚያ ባላንስ አሠሩ። በመጨረሻም በነጭ ቀለም ከጎማው ወደ ቸርኬው የሚሻገር አንድ መስመር አስምሩ። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ፣ በመመሪያ መጽሐፉ በተጻፈው ልክ በቶርክ ቁልፍ እሰሩ። ከዚያ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩ። ምንም ነገር መንካት የለበትም።

ንፋስ ስንት?

ለጂኤል1800 የኋላ ጎማ ሆንዳ የሚሰጠው 41 ፒኤስአይ ነው፤ ለራሱ ጎማ። ለመኪና ጎማ ማንም ቁጥር አልሰጠም። ዳርክሳይደሮቹ እርስ በርስ የማይስማሙትም እዚህ ላይ ነው። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን በፍጹም አትለፉ።

መነሻውን የመመሪያ መጽሐፉ ቁጥር አድርጉ። ጠመኔ ውሰዱና ጥርሱ ላይ ከትከሻ እስከ ትከሻ ወፍራም መስመር አስምሩ። ሁልጊዜ የምትጭኑትን ያህል ጭናችሁ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ትንሽ ሂዱ። ወርዳችሁ እዩ። መሃሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል። ዳርዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። እኩል እስኪጠፋ ሁለት ሁለት ፒኤስአይ እየቀነሳችሁ ወይም እየጨመራችሁ ሞክሩ።

ከዚያ በሙቀት አረጋግጡ። ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ ለኩ። ግማሽ ሰዓት አውራ ጎዳና ነድታችሁ ወዲያው ለኩ። ጭማሪው ከ10 ከመቶ ካለፈ ጎኑ ከመጠን በላይ እየታጠፈ ነው፤ ንፋስ ጨምሩ። ሙቀት ጎማ ይገድላል።

የመጀመሪያው ጉዞ

ብቻችሁን ሂዱ። ከኋላ ሰው አትጫኑ። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልጉ፤ እሑድ ጠዋት የገበያ አዳራሾች ግቢ ባዶ ነው። ስምንት ቁጥር ቅርጽ በዝግታ ሥሩ። ወዲያው የምታውቁት ነገር አለ። ሞተሩ መጋደል አይፈልግም። ክብ ጎማ ሲያጋድል የሚነካው ቦታ ቀስ እያለ ይሄዳል። ጠፍጣፋው ግን ወዲያው በትከሻው ላይ ይቆምና ሞተሩን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ኩርባው እስኪያልቅ መሪውን ሳትለቁ መግፋት ይኖርባችኋል። ይህን ለምዶ «ምንም ልዩነት የለም» የሚል ሰው አለ። ለምዷል እንጂ ልዩነቱ አልጠፋም።

ሌላው የምታዩት ከባድ መኪና ያጎደጎደው አስፋልት ላይ ነው። ጠፍጣፋ ጎማ የመንገዱን ተዳፋት ይከተላል። መሪው ሳትነኩት ሲጎትት ይሰማችኋል። ሳትደነግጡ፣ መሪውን ሳትጨብጡት፣ ቀለል አድርጋችሁ ያዙት።

ፍሬን ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከዝግታ ጀምራችሁ ሞክሩ። ቀጥ ብሎ ሲቆም የመኪና ጎማ ጥሩ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። በዝናብ ግን አትዘናጉ። ጥልቅ ጥርሱ ውሃ ያስወጣል፤ ነገር ግን ሰፊና ጭነቱ የቀለለ ጎማ የተኛ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። ኩሬ ከሩቅ ስታዩ ፍጥነት ቀንሱ።

መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን ደግማችሁ በቶርክ ቁልፍ እዩ። ያቺን ነጭ መስመርም እዩ። የጎማው ግማሽ ከቸርኬው ግማሽ ጋር ገጥሞ ካለ ጎማው አልተንሸራተተም። ከተላቀቁ፣ ሞተሩ ሲጎትት ወይም ፍሬን ሲያዝ ጎማው ቸርኬው ላይ እየዞረ ነው። ቅባት ስላልደረቀ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ሊሄድ ይችላል። አዲስ መስመር አስምሩና እንደገና ሞክሩ። ሁለተኛም ከሄደ ጎማው ይውጣ።

እየነዳችሁ የምትከታተሉት

በየሳምንቱ ንፋስ። ራን ፍላት ከሆነ በየጉዞው፤ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ባዶውን እንኳ ሙሉ መስሎ ይታያል። ያቺን ቀጭን የጠርዝ መስመርም በወር አንዴ እዩ። ጎኑ ላይ ከቸርኬው ከፍ ብሎ ደቃቅ ስንጥቅ፣ እብጠት ወይም ዱቄት የመሰለ የላስቲክ ብናኝ ካያችሁ ጎኑ እየተፋጨ ነው። ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀረው ያን ጎማ አታምኑት። አብዛኛው ሰው ጥርስ እያየ ነው «ገና ነው» የሚለው። በዚህ አጠቃቀም ጎማውን ቀድሞ የሚጥለው ጎኑ ሊሆን ይችላል።

የኋላ አሞርዛተራችሁም ይበልጥ ይሠራል። የመኪና ጎማ ብዙ ጊዜ ከባድ ነው። ሞተሩ ጉድጓድ ላይ መንጠር ከጀመረ ጎማውን ብቻ አትጠርጥሩ።

ይህን ሁሉ አንብቦ «ለካ ይሄን ያህል ነው» ያለ ሰው ካለ ሌላ መንገድ አለው። ለከባድ ሞተር ተብለው የተሠሩ ጎማዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ መሃላቸው ጠንከር፣ ትከሻቸው ለስለስ ያለ። የደንሎፕ ኢሊት 4 እና የብሪጅስቶን ጂ704 በጎልድ ዊንግ መጠን ይሠራሉ። ንፋሱን በትክክል የያዘ፣ ከመብራት ሲነሣ ነዳጅ የማይረግጥ ሰው ከእነሱም ብዙ ኪሎ ሜትር ያገኛል። ልዩነቱን በዓመት አስሉት። ብዙ ጊዜ ሰው የሚያስበውን ያህል አይደለም።

ሞተሩን ለሌላ ሰው የምታውሱ ከሆነ ከኋላ ያለው የመኪና ጎማ መሆኑን ንገሩት፣ ባዶ ቦታ ላይም አስሞክሩት። ስትሸጡት ደግሞ ትክክለኛውን የሞተር ጎማ መልሳችሁ ግጠሙ። ገዢው «ተወው፣ እንዳለ እፈልገዋለሁ» ቢል እንኳ የሽያጭ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።